ክሬንና የሜዳ ፍየል

«ወፍን ከአውሬ ጋር ማወዳደር ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን በሐዋሳ ከታቦር ተራራ ላይ ቆመን በአንድ ወገን ሐይቁን፣ በሌላው ወገን የጨለለቃን ሜዳ ስንመለከት፣ ነገሩ የውኃና የሣር ጥያቄ መሆኑ ገባን።

በአገራችን ከሚኖሩት ክሬኖች አንደኛዋ ከጕንጮቿ ሥር ሁለት ነጭ እንጥልጥል ያላት ናት። ቁመቷ እስከ 1.75 ሜትር ስለሚደርስ ከአፍሪካ ክሬኖች ሁሉ ትረዝማለች። በባሌ ተራሮችና በሀዲያ፣ በቦዮ ረግረግ ትታያለች። የግራንት የሜዳ ፍየል ግን ደረቅ ሜዳ ይወዳል፤ ከሻሸመኔ በስተ ሰሜን በአብያታ ሻላ፣ እንዲሁም በነጭ ሣር ይገኛል። ከሚበላው ቅጠልና ሣር እርጥበት ስለሚያገኝ ውኃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን ይቆያል።

እንግዲህ በኑሮ እንዲህ የተራራቁት ሁለቱ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም በልጅ ነው። ክሬኗ አንድ ወይም ሁለት እንቍላል ብትጥልም የምታሳድገው ብዙውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ነው፤ እርሱም ለመብረር ከሦስት ወር በላይ ይፈጅበታል። የሜዳ ፍየሏም ከስድስት ወር በላይ አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች። ክሬኗ ጎጆዋን በውኃ ታስከብባለች፤ ፍየሏ ደግሞ ግልገሏን በሣር ውስጥ ሸሽጋ እየተመለሰች ታጠባለች። ውኃው ከደረቀ ውሻና ከብት እስከ ጎጆው ይደርሳሉ፤ ሣሩ ከተጋጠ ግልገሉ ለቀበሮ ይጋለጣል። የጠፋውንም ልጅ ቶሎ የሚተካ የለም።

ጨለለቃ በ1964 ዓ.ም. ከ11 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነበር። ደን ከተመነጠረባቸው ኮረብታዎች የወረደው ደለል ሞላውና ዛሬ ረግረግና የግጦሽ መሬት ሆኗል። ይህን ያደረገው የአዳኝ ጥይት አይደለም።

ስለዚህ ጠመንጃን መከልከል ብቻውን አይበቃም። ዘበኛ አዳኙን ይመልስ ይሆናል፤ ከሩቅ ኮረብታ የሚመጣውን ደለል ግን ሊመልስ አይችልም። ግብርና የምናጠና ስለ ግጦሽ፣ ምሕንድስና የምናጠና ስለ ቦይና ስለ ጎርፍ፣ ሕግ የምናጠና ስለ መሬት ስንማር፣ ውኃው ውስጥ ያለችውን ጫጩትና ሣሩ ውስጥ የተኛውን ግልገል ብናስብ ትምህርታችን ለአገር ይጠቅማል እንላለን።