እቴጌ መነን፦ አልጋ ያለው ትምህርት ቤት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ በጣርማበር ዋሻ ሾልኮ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ደሴ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ሁለት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶችን ያገናኛል። ደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ በሆኑት በወይዘሮ ስህን ተሰይሟል። አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ያለው ደግሞ በወይዘሮ ስህን ልጅ፣ በእቴጌ መነን አስፋው። እናትና ልጅ በመንገዱ ሁለት ጫፍ፣ ሸዋ ሮቢት ያለችበት የይፋት ቆላ መሀል ላይ። የልጅቱ ትምህርት ቤት ለሴቶች ብቻ የተከፈተ በመሆኑ ታሪኩ ለቆላው ወላጅ የሚነግረው ብዙ ነገር አለ።

ወንዶቹ ቀድመው ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901፣ የተፈሪ መኮንን በ1917 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። እቴጌ መነን ትምህርት ቤታቸውን የከፈቱት በ1924 ዓ.ም.፣ ዘውድ ከጫኑ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ከቤት አውጥቶ ለማያውቁት አስተማሪ መስጠት ለመኳንንቱም ቢሆን የሚያስደነግጥ ነገር ነበር። መፍትሔው አዳሪነት ሆነ፦ ልጅቷ በእቴጌይቱ ስም በተጠራ ግቢ ውስጥ ታድራለች፤ ቤተሰብም ያምናል። ትምህርቱ የፈረንሳይን ፈለግ የተከተለ ነበር፤ ስፌትና የቤት አያያዝም አልቀረም። መጀመሪያ የገቡት በአብዛኛው የባለሥልጣን ልጆች መሆናቸው አያስገርምም።

ከቀደሙት ተማሪዎች አንዷ ኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ተብለው በፒያኖ ድርሰታቸው ዓለም ያወቃቸው መነኩሲት ናቸው። ከስዊዘርላንድ ሲመለሱ በ1920ዎቹ አጋማሽ እዚህ ገብተዋል። ከቤተሰቡ ለትምህርት ቤቱ ታሪክ ይበልጥ የሚቀርቡት ግን እህታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተይዘው ወደ ጣሊያኗ አዚናራ ደሴት ተግዘው ነበር። ከነፃነት በኋላ ግን የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ቴአትር እየጻፉ ተማሪዎቻቸው እንዲጫወቱት ያደርጉ ነበር፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ በምርጫ እዚያ የገባች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የአንድ ትምህርት ቤት ሀብቱ ሕንፃው ነው ለሚል ሰው የምጠቅሰው እርሳቸውን ነው።

በደርግ ዘመን ስሙ ተለውጦ የካቲት 12 ተባለ፤ አጠገቡ ያለው ሐውልት የሚዘክረው የ1929ኙ የፋሺስት ጭፍጨፋ ቀን ነው። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ስሙ ነው። በእኔ ግምት ከስሙ ይልቅ የሚከብደው ለውጥ ሌላ ነበር፦ ወንድና ሴት በአንድነት የሚማሩበት፣ ማታ ሁሉም ወደየቤቱ የሚሄድበት ትምህርት ቤት መሆኑ። ይህ ለአዲስ አበባ ልጅ ምንም አላጎደለባትም። ለሩቅ አገር ልጅ ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የቀድሞ ስሙን መልሶ፣ በውጤት የተመረጡ ልጃገረዶች የሚያድሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አድርጎታል። ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ሌላም ዘንድ ይገኛል፤ መኝታውና መመገቢያ አዳራሹ ናቸው ልዩ የሚያደርጉት።

ለምን እንደሆነ ከሸዋ ሮቢት በላይ የሚያስረዳ ቦታ የለም። በከተማዋ ዙሪያ ባለው በቀወት ወረዳና በአካባቢው ገጠር ቀበሌዎች 8ኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ ለመቀጠል ብዙ ጊዜ ከተማ መውረድ አለባት። ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ትከራያለች፤ ዓርብ ወደ ቤት፣ እሁድ ደግሞ በሶና ሽሮ ተሸክማ ወደ ኪራይ ቤቷ። ውኃ መቅዳት፣ ማብሰል፣ ማታ በር መዝጋት ሁሉ የእሷው ነው። ወላጅ የሚሰጋው ሒሳቡ ይከብዳታል ብሎ አይደለም፤ የት ታድራለች ብሎ ነው። ስጋቱ ሲበረታ ደግሞ ሽማግሌ የላከ ሁሉ ጆሮ ያገኛል።

እዚህ ላይ ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችን ሁሉ የሚመለከት አንድ ቅሬታ አለኝ። መግቢያው ውጤት ብቻ ሲሆን፣ ማሾ ሲለቀምና ሽንኩርት ሲነቀል ከክፍል የምትቀር ልጅ የምትወዳደረው ሙሉ ዓመት ከተማረችው ጋር ነው። አዳሪ ቤት በጣም የሚያስፈልጋት እሷ ሆና ሳለ ነጥቧ ያንሳል። ለየወረዳው የተወሰነ ቦታ ቢያዝ፣ ካልሆነም በየከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ ሞግዚት ያለበት የሴቶች ማደሪያ ቢሠራ፣ በ1924 ለመኳንንት ልጆች የተገኘው መፍትሔ ለማሾ አምራቹም ልጅ ይደርሳል።