ባሕር ተሻግሮ የመጣ ፎስፈረስ በማሳችን እንዳይታሰር

«ማዳበሪያውን በዱቤ ወስጄ ዘራሁ፤ ሰብሉ ግን ቀጭጮ ቀረ» የሚል አቤቱታ ሰምቶ የማያውቅ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አይገኝም። ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች፣ በተለይም በቀይ አፈር ላይ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የማዳበሪያው አይደለም። ፎስፈረሱ በአፈሩ ታስሮ ነው። ገበሬው ዕዳውን ይከፍላል፤ ሰብሉ ግን የተገዛለትን ምግብ አላገኘም።

ፎስፈረስ ከየት ይመጣል?

ናይትሮጅንን ባቄላና አተር በሥራቸው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ያገኛሉ። ፎስፈረስን ግን ከአየር የሚያመጣ ተክል የለም፤ የሚተካውም ሌላ ንጥረ ነገር የለም። የማዳበሪያ ፎስፈረስ መገኛ የፎስፌት ድንጋይ ሲሆን፣ ከታወቀው የዓለም ክምችት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሞሮኮና በምዕራብ ሰሃራ ነው። እንደ ኩሪብጋ ካሉ የሞሮኮ ማዕድን ማውጫዎች የሚወጣው ድንጋይ በሰልፈሪክ አሲድ አማካይነት ወደ ፎስፎሪክ አሲድ ይለወጣል። ይህም ከአሞኒያ ጋር ሲዋሐድ እንደ ዳፕ ያለ ማዳበሪያ ይሆናል።

አገራችን ይህን ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። ከጅቡቲ ወደብ እስከ መሐል አገር ያለው የመኪና መንገድ ብቻ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. ከሞሮኮው ኦ.ሲ.ፒ. ኩባንያ ጋር በድሬዳዋ ፋብሪካ ለማቋቋም በተፈረመው ስምምነት እንኳ ፎስፎሪክ አሲዱ ከሞሮኮ እንዲመጣ ነበር የታቀደው።

በሰው እጅ ያለ ነገር ዋጋውም በሰው እጅ ነው። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ቶኑ ከ50 ዶላር በታች የነበረው የፎስፌት ድንጋይ በ2000 ዓ.ም. ክረምት ከ400 ዶላር በላይ ወጣ። በ2014 ዓ.ም. ቻይና ወደ ውጭ የምትልከውን ስትገድብና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የማዳበሪያ ዋጋ እንደገና ናረ።

አፈሩ እንዴት ያስረዋል?

አንድ ኩንታል ኤን.ፒ.ኤስ. ውስጥ ያለው ንጹሕ ፎስፈረስ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ሰብሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ10 እስከ 25 እጁን፣ ማለትም ከሁለት እስከ አራት ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በኮምጣጣ አፈር ላይ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አጥብቀው ስለሚይዙት ችግሩ ይብሳል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ ደግሞ የሚሟሟው አሉሚኒየም ሥሩን ራሱን ይጎዳል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 ከመቶ በላይ የሚሆነው በኮምጣጣነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል።

እንግዲህ የዓለምን ዋጋ መወሰን አንችልም፤ የገዛነው እንዳይባክን ማድረግ ግን እንችላለን።

ምን ይደረግ?

1. ኖራ ይቅደም። አፈሩ ይመርመር፤ የኖራው መጠን በምርመራው ውጤት ይወሰን። ኖራው ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ በማሳው ላይ እኩል ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። ከማዳበሪያ ጋር ግን አይደባለቅ። ፎስፌቱ የባሕር ማዶ ድንጋይ ነው፤ ኖራው ግን ደጀንና ጉደርን በመሳሰሉ ቦታዎች የሚገኝ የራሳችን ድንጋይ ነው። የቅርቡ የሩቁን ያስፈታል።

2. ማዳበሪያው በመስመር ይግባ። ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ሥር ነው ወደ እርሱ የሚሄደው። ስለዚህ በሚዘራበት ዕለት ከዘሩ ትንሽ ጎንና ዝቅ ብሎ፣ ዘሩን ሳይነካ ይቀመጥ። በማሳው ሁሉ የተበተነ ፎስፈረስ ከብዙ አፈር ጋር ስለሚነካካ ቶሎ ይታሰራል። እንደ ዩሪያ ተከፋፍሎ ኋላ የሚጨመር አይደለም።

3. ከማሳ የወጣው ይመለስ። ፍግና ብስባሽ ፎስፈረስን ይመልሳሉ፤ መታሰሩንም ያላላሉ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ ፎስፈረሱ ግን በአመዱ ውስጥ ይቀራል። ስለሆነም የምድጃ አመድ በደረቅ ቦታ ተጠራቅሞ ወደ ማሳ ይመለስ፤ የአፈሩንም ኮምጣጣነት ይቀንሳል።

4. አፈሩ አይታጠብ። ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ እርከን የሌለው ተዳፋት የተገዛውን ማዳበሪያ ለወንዝ ይሰጣል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

የማዳበሪያ ፍላጎት በሚሰበሰብበት ጊዜ የኖራ ፍላጎትም አብሮ ይመዝገብ። ኖራ ከባድ ነው፤ አንድ ገበሬ ብቻውን ለማጓጓዝ ይቸገራል፤ ማኅበሩ ግን በአንድ መኪና ለብዙዎች ያደርሳል። መንገዱ በዝናብ ሳይበላሽ በበጋው ይጓጓዝ። ማዳበሪያውም መጋዘን ውስጥ ከወለሉ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም በመጪው ዘር ወቅት በአንድ ፈቃደኛ ገበሬ ማሳ ላይ ሁለት ጎን ለጎን መደቦችን ያዘጋጅ። በሁለቱም እኩል ማዳበሪያ በመስመር ይጨመር፤ በአንደኛው ግን አስቀድሞ ኖራ ይግባ። አዝመራው ሲደርስ ገበሬዎች ተሰብስበው ይዩ፤ ምርቱም በፊታቸው ይመዘን። ስለ አፈር ናሙና አወሳሰድ በአቅራቢያችሁ የሚገኘውን የምርምር ማዕከል ጠይቁ።