የተደበቀች ካሜራ መብራቷን ከየት ታገኛለች?

ጉዳይ ኖሯችሁ ካምፓላ ደርሳችሁ የተመለሳችሁ ወገኖቻችን፣ በየአደባባዩ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉትን የፖሊስ ካሜራዎች ሳታዩ አትቀሩም። እንደሚታወሰው የፖሊስ ቃል አቀባይ የነበሩት አንድሩ ፊሊክስ ካዌሲ ማርች 17 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በቤታቸው አቅራቢያ በጥይት ከተገደሉ በኋላ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በከተሞች ካሜራ እንዲተከል አዘዙ። ሥራው ለቻይናው ሁዋዌ የተሰጠ ሲሆን ዋጋውም 126 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር መሆኑ በ2019 ተገልጿል። እነዚህ ካሜራዎች ማንም የሚያያቸው ናቸው። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለማይታዩት፣ ስለ ትንንሾቹ ነው።

ነገሩን እንድናነሳ ያደረጉን በካምፓላ የሚኖሩ ሁለት ወገኖቻችን ናቸው። አንዱ ካባላጋላ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያለው ወንድማችን ነው። ዕቃ እየጠፋ ስላስቸገረው ትንሽ ካሜራ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ደበቀ። ሌባው የመጣው ግን ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሳለ ነው። ጠዋት ሲያይ ካሜራዋ አንዳች ነገር አልቀዳችም። ሁለተኛዋ ከልጇ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች እህታችን ናት። ስትገባ አልጋዋ ፊት ለፊት ባለው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶ አገኘች። ያለፈው ተከራይ የረሳው መስሏት ነቀለችው። ከገበያ ስትመለስ ግን ተመልሶ ተሰክቷል።

የሁለቱም ጉዳይ መልሱ አንድ ነው፤ ካሜራ ያለ ኃይል አይሠራም። ዓይኗን ትደብቅ እንጂ ሆዷን መደበቅ አትችልም። ታዲያ የምትበላው ከየት ነው?

የመጀመሪያው ከራሷ ባትሪ ነው። ባትሪው እንደ ስልካችን ባትሪ ሊቲየም ሆኖ 3.7 ቮልት ነው፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። ለምሳሌ 500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ቢሆን፣ በ3.7 ሲባዛ 1.85 ዋት ሰዓት ይሆናል። ሳታቋርጥ እየቀዳች 1 ዋት የምትበላ ካሜራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላት ትጠፋለች ማለት ነው። አንዳንዶቹ ግን ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚነቁ ስለሆኑ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያሉ። ያም ሆኖ አንድ ቀን ባትሪውን የሚሞላ ሰው መምጣቱ አይቀርም።

ሁለተኛው በቀጥታ ከግድግዳው ነው። ቻርጀር፣ የጠረጴዛ ሰዓት ወይም አምፖል መስላ የተሠራች ካሜራ የኡጋንዳን 240 ቮልት ተቀብላ ውስጧ ወዳለው 5 ቮልት ታወርዳለች። 5 ቮልት ማለት በካምፓችን ከሶላር ስልክ የምንሞላበት ነው። እንዲህ ያለችው ካሜራ መብራት እስካለ ድረስ ወር ሙሉ አትተኛም።

ሦስተኛው ፓወር ባንክ ነው። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት 37 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 1 ዋት ለምትበላ ካሜራ ከአንድ ቀን ትንሽ ያልፋል። አንዳንዱ ፓወር ባንክ ደግሞ የሚወሰድበት ኃይል በጣም ሲያንስ ስልኩ የሞላ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ከመደበቃችሁ በፊት አንድ ሌሊት ሞክሩት።

አራተኛው የኔትዎርክ ገመድ ነው። ምስሉም ኃይሉም፣ 48 ቮልት ገደማ፣ በአንድ ገመድ ይሄዳል። መቅጃው ባትሪ ካለው ሠፈሩ ቢጨልም እንኳ ካሜራዎቹ ይሠራሉ።

ወደ ባለሱቁ እንመለስ። የገዛው ካሜራ ላይ «ገመድ አልባ» የሚል ተጽፎበታል። እሱ ኃይልም የማይፈልግ መሰለው። ገመድ አልባ ማለት እኮ ምስሉ በዋይፋይ ይሄዳል ማለት ብቻ ነው! ካሜራዋ የተሰካችው ግድግዳው ላይ ነበር። ካምፓላ ውስጥ ደግሞ «ያካ» የሚባለው ቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ሒሳቡ ሲያልቅ ራሱ ያጠፋል። አሁን ወንድማችን ፓወር ባንክና ሜሞሪ ካርድ ጨምሮበታል፤ ዋይፋዩ ቢጠፋም ካርዱ ላይ ይቀዳል።

እህታችን ደግሞ ቻርጀሩን ስትነካው ስልክ ሳይሰካበት ሞቋል። ሙቀት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ደህና ቻርጀርም ለብ ይላል። ገልብጣ ስታየው ግን መርፌ የወጋው የምታህል ቀዳዳና የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ አገኘች። ጎረቤቷን ምስክር ይዛ ለፖሊስ አስረከበች፤ ቤቱንም ለቀቀች።

ስለዚህ አዲስ ቤት ወይም ማረፊያ ስትገቡ ከሶኬቶቹ ጀምሩ። እናንተ ያልሰካችሁትን ሁሉ ንቀሉ፤ በተለይ ወደ አልጋና ወደ መታጠቢያ የዞረውን። ያካውን ስታጠፉ ከግድግዳ የሚበሉት አብዛኞቹ ይሞታሉ። በባትሪ የሚሠሩት ግን ስለማይሞቱ ክፍሉን አጨልማችሁ በእጅ ባትሪ ፈትሹ፤ የካሜራ ዓይን መልሶ ያብለጨልጫል።

ካገኛችሁ አትስበሩት። ፎቶ አንሱት፣ ምስክር ጥሩ፣ ለፖሊስ አመልክቱ። ስደተኛ ነኝና ማን ይሰማኛል አትበሉ። የ1995ቱ የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የማንኛውንም ሰው የግልና የቤት ምስጢር ይጠብቃል፤ በ2019 የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም አለ። የሕግ ምክር ለሚሻም በ1999 በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የስደተኞች ሕግ ፕሮጀክት ካምፓላ ውስጥ ቢሮ አለው።

ለሱቃችሁ ካሜራ የምትሰቅሉ ወገኖችም አደራ፦ ዕቃችሁን ጠብቁበት እንጂ ደንበኛና ሠራተኛ ልብስ የሚቀይርበት ቦታ አታድርሱት።