ድረ ገጽ ከፍቶ ገዢን መጠበቅ

አንዲት እህታችን ኮልፌ አካባቢ በቤቷ ጅልባብና አባያ ትሰፋለች። ከጎረቤትና ከመድረሳ ጓደኞቿ የሚመጣው ሥራ እጇን ባያስፈታትም፣ ገበያዋን ለማስፋት አስባ የደረሳትን ዕቁብ ድረ ገጽ ለሚሠራ ባለሙያ ከፈለች። ድረ ገጹ አምሮ ተሠራ። ይሁንና ሦስት ወር ሙሉ አንድም ሰው አላዘዘባትም። «ገንዘቤን ውሃ በላው» ስትል በኀዘን አጫወተችን።

ውድ አንባቢያን! ይህ የእርሷ ብቻ ችግር አይደለም። ብዙዎቻችን ድረ ገጽ መክፈት መርካቶ ሱቅ እንደ መከራየት ይመስለናል። መርካቶ በሩን የከፈተ ነጋዴ ሌላው ቢቀር መንገደኛ ያየዋል። ድረ ገጽ ግን መንገደኛ የለውም፤ የሚመጣው አድራሻውን የሚያውቅ ወይም ፈልጎ ያገኘው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ለማስታወቂያ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ቀድሞ የሚያውቁንን ሰዎች ወደዚያ መምራት ይቀድማል። እህታችን ለዓመታት የሰፋችላቸው ሴቶች ስልክ ቁጥር በልኬት ደብተሯ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ ለአንዳቸውም ግን ድረ ገጽ መክፈቷን አልነገረችም! አድራሻው በፌስታሏም፣ በደረሰኟም፣ በቴሌግራም ቻናሏም ላይ አልነበረም። (የደንበኛ ስልክ አማና ነው። ለልብስ ስፌት የተሰጠንን ቁጥር ለሌላ ነጋዴ አሳልፎ መስጠት አይገባም።)

ቀጥሎ የማያውቁን ሰዎች እንዴት ያገኙናል? ጎግል ላይ ሱቅን ከነካርታው ማስመዝገብ ክፍያ የለውም፤ ድረ ገጹን ማሳወቅም እንዲሁ። ዋናው ነገር ፈላጊው የሚጽፈውን ቃል ገጹ ላይ ማስፈር ነው። የእህታችን ገጽ አናት ላይ የነበረው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ብቻ ነበር። «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ልብስ የሚፈልግ ማን አለ? «ጅልባብ ስፌት፣ ኮልፌ፣ አዲስ አበባ» ቢባል ግን ፈላጊና ተፈላጊ ይገናኛሉ። ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዱ ጅልባብ ሌላው ጂልባብ፣ አንዱ ሒጃብ ሌላው ሂጃብ ብሎ ይጽፋል፤ ወጣቱ ደግሞ በላቲን ፊደል ይፈልጋል። ሁሉንም አጻጻፍ በተፈጥሮ በሚገቡበት ቦታ መጠቀም ይጠቅማል። ፎቶዎቹም ክብደታቸው ይቀነስ፤ ገዢው የሚያየው በስልኩ፣ በራሱ ጥቅል ነውና።

ትልቁን ጥፋት ያገኘነው ግን ፎቶዎቹ ላይ ነው። ባለሙያው ገጹን ለማሳመር ከኢንተርኔት የወሰዳቸው የውጭ አገር አባያዎች ነበሩ። እህታችን ያንን ጥልፍ አትሠራም፤ ጨርቁም በእጇ የለም። አንዲት ገዢ አዝዛ ቢሆን ኖሮስ? በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ቢያስገቡ ከውስጥ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። በስልክ የሚገዛ ሰው እጁን ክምሩ ውስጥ ማስገባት አይችልም። እርጥቡን ከላይ የማድረግ ግዴታ በሻጩ ላይ ይበልጥ ይከብዳል ማለት ነው።

በዘመድ ስም የውሸት አስተያየት ማስጻፍም ተለምዷል። በእኛ እምነት ከነጅሽ ጋር ይመሳሰላል፤ ነጅሽ ማለት ለመግዛት የማይሻ ሰው ገዢን ለማታለል ዋጋ ሲያስወድድ ነው፤ እርሱም በሐዲስ የተከለከለ ነው።

እህታችን የሰው ፎቶ አውርዳ የራሷን ሥራ በመስኮት ብርሃን በስልኳ አነሳች። ከእያንዳንዱ ሥር የጨርቁን ዓይነት፣ ዋጋውን፣ የሚፈጀውን ቀን፣ እንዲሁም «ጥቁሩ ጨርቅ ሲታጠብ ትንሽ ይለቃል» የሚለውን ሳይቀር ጻፈች። ባለሙያው ይህን የመጨረሻውን እንድታጠፋው መክሯት ነበር፤ እምቢ አለች። ቤቷን ለማግኘትም የቤት ቁጥር ሳይሆን ከየትኛው መስጊድ በየት በኩል እንደሚታጠፍ አስቀመጠች። ክፍያውን፣ ከ2013 (እ.ኢ.አ) ጀምሮ በተለመደው ቴሌብር፣ ግማሹን በቅድሚያ ግማሹን በርክክብ አደረገችው። ልኩ ካልሆነ ያለ ክፍያ እንደምታስተካክልም ገለጸች።

በመጀመሪያው ወር አራት ትእዛዝ መጣ። ሦስቱ ከድሮ ደንበኞቿ ሲሆን አራተኛው ጅዳ ከምትሠራ እህት ለእናቷ የታዘዘ ነበር። ይህችኛዋ ስለጥቁሩ ጨርቅ የተጻፈውን አንብባ ቡናማውን መርጣለች። አራት ትእዛዝ ዕቁቧን አይመልስም። ሆኖም ከየት እንደመጡ ስለጠየቀቻቸው፣ ጉልበቷን የት እንደምታውል አውቃለች።

ጊዜንም ማስላት ያስፈልጋል። ጎግል አዲስ ገጽን እስኪያውቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፤ የዒድ ልብስ የሚሸጥ ሰው በረመዷን ሳይሆን በረጀብ ሊጀምር ይገባዋል። በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ትእዛዝ የሚቀበል ልብስ ሰፊ ለይለቱል ቀድርን ማሽን ላይ ሊያሳልፋት ነው። እህታችን ለዒድ ትእዛዝ የምትቀበለው እስከ ረመዷን 15 ብቻ መሆኑን በገጹ አናት ላይ ጽፋዋለች።