የሴቶች ምድብ በሰፈር ሜዳ፦ የእንግሊዝ ክርክር ከምን ተነሳ?

ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ ትራንስጀንደር ሴቶች በእንግሊዝ የሴቶች እግር ኳስ ውድድር መጫወት አይችሉም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ክልከላው ዌምብሌይ ላይ ለሚጫወቱት ብቻ የወጣ አይደለም። እሑድ ጠዋት በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው መረብ ሰቅለውና ለዳኛ አዋጥተው የሚያካሂዱትን የሰፈር ሊግም ይመለከታል። ውሳኔው በተነገረበት ሰሞን እንደተገለጸው፣ በሚሊዮን ከሚቆጠሩት አማተር ተጫዋቾች መካከል ተመዝግበው የሚጫወቱት ትራንስጀንደር ሴቶች 30 አይሞሉም ነበር። በፕሮፌሽናል ደረጃ አንዲትም አልነበረችም።

ቁጥሩ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ክርክሩ ለምን እንዲህ ጋለ? ሁለቱም ወገኖች ቁጥሩን ለራሳቸው ይጠቅሱታል። አንዱ ወገን «ለእነዚህ ጥቂት ሰዎች ስንል ለምን በሩን እንዘጋለን?» ሲል፣ ሌላው «የሴቶች ምድብ ሕጉ ከፈረሰ በአንድ ሰውም ይፈርሳል» ይላል። ማን ምን እንደሚል ለመረዳት ስለ ሰውነት፣ ስለ ሕግና ስለ ሜዳው ታሪክ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ትራንስጀንደር ሴት የሚባሉት ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ ራሳቸውን ግን ሴት አድርገው የሚያውቁና እንደ ሴት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ የሆርሞን ሕክምና ይወስዳሉ፣ አንዳንዶቹ ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ፣ ሁለቱንም የማያደርጉም አሉ። በስፖርት ውስጥ ጥያቄ የሚያስነሳው በተለይ በወንድ ልጅ ጉርምስና ውስጥ ያለፈ ሰውነት ነው።

ወንድና ሴት ልጆች እስከ ጉርምስና ድረስ በሩጫም በዝላይም ብዙ አይራራቁም። ከዚያ በኋላ የወንዱ ልጅ ሰውነት ቴስቶስትሮን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ማመንጨት ይጀምራል። ቁመቱ ይረዝማል፣ ትከሻው ይሰፋል፣ ጡንቻው ይዳብራል፣ ልቡና ሳንባው ይተልቃሉ፣ ኦክስጅን የሚሸከመው የደሙ ሂሞግሎቢንም ይጨምራል። ይህ በሰዓት ሲለካ ምን ያህል እንደሚሆን ለማየት ከራሳችን አትሌቶች የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ቀነኒሳ በቀለ በ2004 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሮጠ። ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ኦስሎ ላይ በ14 ደቂቃ ከ11.15 ሰከንድ ጨረሰች። ሁለቱም በጊዜያቸው የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ፤ ልዩነታቸው 12 በመቶ ገደማ ነው። በ10,000 ሜትርም የቀነኒሳ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ እና አልማዝ አያና ሪዮ ላይ ያስመዘገበችው 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ በ11 በመቶ ይለያያሉ። ጥሩነሽና አልማዝ በሥልጠናም በጽናትም ከማንም አላነሱም። ለብቻቸው የሚሮጡበት ምድብ ባይኖር ኖሮ ግን ሁለቱም ለፍጻሜ ባልደረሱ፣ ስማቸውንም ባልሰማን ነበር። የሴቶች ምድብ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ሆርሞኑን በሕክምና ዝቅ ማድረግስ ይህን ብልጫ ያጠፋዋል? መልሱ እንደሚለካው ነገር ይለያያል። ሂሞግሎቢን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሴቶች መጠን ይወርዳል። የጡንቻ ብዛትና ጉልበት ግን ከአንድ ዓመት በኋላም የሚቀንሱት በጥቂቱ ነው። ቁመትና የአጥንት ቅርጽ ከነጭራሹ አይለወጡም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካ አየር ኃይል አባላትን የአካል ብቃት ፈተና የመረመረ ጥናት ነው። ጥናቱ እንዳሳየው ትራንስጀንደር ሴቶቹ ሁለት ዓመት ሆርሞን ከወሰዱ በኋላ በፑሽአፕና በሲትአፕ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተስተካክለዋል፤ በአንድ ማይል ተኩል ሩጫ ግን 12 በመቶ ያህል ይፈጥኑ ነበር። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ጥናቱን የመሩት ቀነኒሳ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች እንዲሮጥ ይሠራ የነበረውን ቡድን የመሩት ያኒስ ፒትሲላዲስ ናቸው። በዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ገንዘብ በተሠራው በዚህ ጥናት የተለኩት 23 ትራንስጀንደር ሴቶች በእጅ ጥንካሬ ከሌሎቹ ሴቶች በልጠዋል። ከሰውነታቸው ክብደት አንጻር ሲታይ ግን በዝላይና በኦክስጅን አጠቃቀም አንሰው ተገኝተዋል። ጥናቱ ሰዎቹን የለካው በአንድ ወቅት ብቻ እንጂ በዓመታት ተከታትሎ አይደለም፤ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን «ሳይንሱ አበቃ» የሚል ሰው ከጥናቶቹ አቅም በላይ እያስነገራቸው ነው።

በሰፈር ስፖርት ግን ክብረ ወሰን የሚሰብር የለም። በአንድ የእሑድ ቡድን ውስጥ የ22 ዓመት የቀድሞ አካዳሚ ተጫዋችና ሦስት ልጅ ወልዳ በ45 ዓመቷ ወደ ሜዳ የተመለሰች እናት ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። የመካተትን ወገን የሚይዙ ሰዎች ክርክራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ነው። በሴቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ሰፊ ሆኖ ሳለ አንዲት ትራንስጀንደር ሴት ምን ትጨምራለች? ይላሉ። አክለውም፣ ለብቸኝነትና ለጭንቀት ለተጋለጠ ሰው በሳምንት አንድ ቀን የሚጠብቁት ጓደኞች ማግኘት ተራ ነገር እንዳልሆነ ያስረዳሉ። ወደ ወንዶች ቡድን ሂዱ ማለትም በወረቀት ላይ ነው የሚቀለው። ዓመታት ሆርሞን የወሰደች ሰው ጉልበቷ ቀንሷል፤ የወንዶች መልበሻ ክፍል ውስጥ የሚጠብቃትንም ታውቃለች።

ይህን ክርክር በአክብሮት እሰማዋለሁ፤ ጥያቄውን ሁሉ ግን የሚመልስ አይመስለኝም። የሴቶች ምድብ የዕድሜን፣ የችሎታን ወይም የልምምድን ልዩነት አስወግዳለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ያስወገደው አንድ ልዩነት ነው፤ እሱም ከወንድ ጉርምስና የሚመጣው። ቦታ የሚጠበቅበት አሰላለፍ፣ የሚቆጠር ነጥብና የሚወርድ ቡድን እስካለ ድረስ ከተቀያሪ ወንበር የማትነሳው ሴት ቅሬታ እውነተኛ ነው። «ለደስታ ነው የምትጫወቺው፣ ምን አስጨነቀሽ?» ማለት የእሷን ጨዋታ ማቃለል ነው።

አካል ለአካል በሚጋጭበት ስፖርት ደግሞ ከፍትሐዊነት በፊት ደኅንነት ይመጣል። የዓለም ራግቢ በ2020 ትራንስጀንደር ሴቶች በሴቶች ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይሰለፉ ሲመክር ዋና ምክንያቱ የታክል ጉዳት ነበር። የከበደና የፈጠነ ሰውነት አንገትንና ጭንቅላትን ሲመታ ጉዳቱ የሻምፒዮና ይሁን የሰፈር ጨዋታ አይለይም። የእንግሊዝ ራግቢ በ2022 ይህንኑ እገዳ እስከ ታችኛው ደረጃ አወረደው።

እግር ኳስና ክሪኬት ግን እስከ 2025 ድረስ ሌላ መንገድ ይከተሉ ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የእያንዳንዷን ተጫዋች ጉዳይ ለየብቻ እያየ፣ የቴስቶስትሮን መጠኗን እየጠየቀ ይፈቅድ ነበር። የእንግሊዝና ዌልስ ክሪኬት ቦርድ ደግሞ በ2024 መገባደጃ ላይ ከፍተኛውን ደረጃ ከልክሎ የመዝናኛውን ክፍት ተወ። ከፍተኛ ውድድርንና የሰፈር ጨዋታን ለይቶ ማየት ለብዙዎች አስታራቂ መስሎ ነበር።

ያን ልዩነት የደመሰሰው ከኳስ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ክስ ነው። ጉዳዩ የተነሳው በስኮትላንድ የመንግሥት ተቋማት ቦርድ ውስጥ ሴቶች ስለሚኖራቸው ድርሻ ነበር። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አፕሪል 16 ቀን 2025 በአምስቱም ዳኞች ስምምነት በሰጠው ፍርድ፣ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ «ሴት» ማለት በተፈጥሮ ጾታዋ ሴት የሆነች እንደሆነች ወሰነ። ጾታን ለመቀየር የሚሰጠው የምስክር ወረቀትም ይህን አይለውጠውም። ፍርድ ቤቱ ትራንስጀንደር ሰዎች በሌላ አንቀጽ ከአድልዎ መጠበቃቸው እንደሚቀጥልም በግልጽ አስቀምጧል። ያው ሕግ ጥንካሬ፣ ጽናት ወይም ቁመና በውጤቱ ላይ ለውጥ በሚያመጣበት ስፖርት ጾታን ለይቶ ማወዳደርን ይፈቅዳል። ፍርዱ በተሰማ በሦስት ሳምንት ውስጥ የእግር ኳስና የክሪኬት አካላት እስከ መንደር ሜዳ ድረስ ከለከሉ። የእግር ኳሱ ከጁን ጀምሮ፣ የክሪኬቱ ደግሞ ወዲያውኑ ተፈጻሚ ሆነ። ኔትቦል ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ የሴት፣ የወንድና የቅይጥ ሦስት ምድቦችን አወጣ። በብዙ የክለብ ሰዎች ዘንድ ቁጣው የመጣው ከፍጥነቱ ነው፤ ለዓመታት አብራቸው የተጫወተችን ሰው በአንድ ወር ማስታወቂያ ማሰናበት ግድ ሆኖባቸዋል።

ከሌላው በኩል ያለው ትዝታ ደግሞ ረጅም ነው። ይኸው የእግር ኳስ ማኅበር በዲሴምበር 1921 ጨዋታው ለሴቶች አይገባም ብሎ በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች እንዳይጫወቱ ከልክሎ፣ ክልከላው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቷል። ሴቶች ሜዳ፣ ሰዓት፣ መልበሻ ክፍልና ዳኛ ያገኙት በብዙ ትግል ነው። ብዙዎቹ የተገኘው እንዳይሸራረፍ የሚሰጉት ከጥላቻ ሳይሆን ከዚህ ታሪክ የተነሳ መሆኑን አለማየት ክርክሩን ያበላሸዋል።

ሩጫ ሌላ መልክ አለው። ፓርክራን የተባለው የቅዳሜ ጠዋት የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በ2004 ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ በ13 ሰዎች ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ክፍያ የለውም፣ ሽልማት የለውም፣ አዘጋጆቹም ውድድር አይሉትም። ሯጩ ሲመዘገብ ጾታውን ራሱ ይሞላል። ነገር ግን ድረ ገጹ ላይ በየቦታው የሴቶች ፈጣን ሰዓት ይመዘገብ ስለነበር ሴት ሯጮች ክብረ ወሰናችን ተወሰደ ሲሉ አቤት አሉ። ድርጅቱ በፌብሩዋሪ 2024 የየቦታውን ክብረ ወሰንና መሰል ሰንጠረዦች ከድረ ገጹ አነሳ፤ ምክንያቴም አዳዲስ ሰዎች እንዳይሸማቀቁ ነው አለ። ውሳኔው ማንንም አላስደሰተም። ጠያቂዎቹ የፈለጉት ሰንጠረዡ ለሴቶች እንዲጠራ እንጂ እንዲጠፋ አልነበረም። እኔም በዚህ ላይ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። አብሮ መሮጥን ለሁሉም ክፍት አድርጎ የሴቶችን ሰዓት ለብቻ መመዝገብ ይቻል ነበር።

አፈጻጸሙ ሌላ ፈተና አለው፤ ማን ያጣራል? የዓለም አትሌቲክስ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በዓለም ደረጃ በሴቶች ምድብ ለሚወዳደሩ ሁሉ በሕይወት አንድ ጊዜ የሚደረግ የዘረመል ምርመራ ግዴታ አድርጓል፤ የእኛ ሴት አትሌቶችም ደንቡ ይመለከታቸዋል። የእሑድ ሊግ ጸሐፊ ግን ላቦራቶሪ የላትም፤ ያላት ዓይኗና የሌሎች ሹክሹክታ ነው። ይህ ወዴት እንደሚያመራ በ2022 በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ታይቷል። ልጆቻቸው የተሸነፉባቸው ወላጆች ስለ አሸናፊዋ ተማሪ ጾታ አቤት ሲሉ፣ የግዛቱ የትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበር የልጅቷን መዝገብ እስከ መዋዕለ ሕፃናት ድረስ አገላበጠ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሴት ነበረች። ጥብቅ ሕግ ሲወጣ ጥርጣሬው የሚያርፈው በቁመተ ረጅሟ፣ ጸጉሯን ባሳጠረችውና ጡንቻዋ በዳበረው ሴት ልጅ ላይም ጭምር ነው። ስለዚህ የሴቶችን ምድብ የሚጠብቅ ማኅበር፣ በስሜት ተነስቶ የልጅን ሰውነት የሚመረምርን ሰው የሚያስቆም ደንብም አብሮ ማውጣት አለበት።

የብሪታኒያ የስፖርት ምክር ቤቶች በ2021 ባወጡት መመሪያ፣ መካተትን፣ ፍትሐዊነትንና ደኅንነትን በአንድ ምድብ ውስጥ ሦስቱንም በሙሉ ማሟላት እንደማይቻል ተናግረው፣ እያንዳንዱ ስፖርት የትኛውን እንደሚያስቀድም በግልጽ እንዲመርጥ፣ ለሁሉም የሚሆኑ አዳዲስ የጨዋታ ዓይነቶችንም እንዲያስብ መክረው ነበር። ምርጫው ግን ስም በመስጠት አያልቅም። በኦክቶበር 2023 በበርሊኑ የዋና ዓለም ዋንጫ «ክፍት ምድብ» ሲዘጋጅ አንድም ሰው አልተመዘገበም። በአደባባይ ለብቻ ተነጥሎ ለመቆም የሚደፍር ሰው ጥቂት ነው። ብሪታኒያ ውስጥ የትራያትሎን ማኅበሩ ከ2023 ጀምሮ የሴቶቹን ምድብ ጠብቆ የወንዶቹን «ክፍት» ሲያደርገው ቢያንስ ማንንም ብቻውን አላቆመም።

ቅይጥ ጨዋታም የሚሠራው ሜዳና ሰዓት ሲመደብለት ነው። ከሴቶች ሊግ የወጡት ጥቂት ሰዎች ነገ የት ይጫወታሉ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «በቅይጥ» ከሆነ፣ ቅይጡ ሊግ በአካባቢያቸው መኖር፣ ዳኛ ማግኘት፣ ከተማው በሚያከራየው ሜዳም ተራ መያዝ ይኖርበታል። የሴቶቹን ምድብ የዘጋው ማኅበር ይህን ለበጎ ፈቃደኞች ትቶ መሄድ የለበትም፤ በጀቱ በእሱ እጅ ነው።