የሴቶች እግር ኳስ ሊጋችንና ክለቦቹ፤ ከደብረ ሲና ሜዳ ምን ያህል ይርቃል?

ሰሞኑን በሻይ ሰዓት አንድ ዕጩ መምህር «የሴቶች እግር ኳስ ስንት ደቂቃ ነው? ስድሳ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀ። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው «የለም፣ ሰባ ነው» አለ። አንዲት ሠልጣኝ ብቻ ፈገግ ብላ ዝም አለች። በኋላ እንደ ሰማሁት እሷ ራሷ በአገሯ ለወረዳ ተጫውታለች።

ዘጠና ደቂቃ ነው። ተጫዋቹም በየወገኑ ዐሥራ አንድ፣ ኳሱም ቁጥር 5፣ የጎሉም ስፋት ያው 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ነው። ለሴት ተብሎ የተቀነሰ ነገር የለም። ነገ በየገጠሩ ስፖርት የምናስተምር ሰዎች ይህን ካላወቅን የቀረው ሕዝብ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ስለዚህ የአገራችን የሴቶች ሊግ እንዴት እንደ ቆመ፣ እነማን እንደሚጫወቱበት፣ ከእኛ ተራራ ሥር የምትማር ልጅስ እዚያ ለመድረስ መንገድ አላት ወይ የሚለውን ለመጻፍ አሰብኩ።

በመጀመሪያ አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ ላንሣ። በአውስትራልያ ራግቢ ሊግ የሚባል ጨዋታ አለ። በየወገኑ ዐሥራ ሦስት ሰው ሆኖ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጥበት፣ ተጋጣሚ ጠልፎ የሚጥልበት ጨዋታ ነው። አንዱ ወገን ስድስት ጊዜ ከተያዘ ኳሱን ለሌላው ያስረክባል። ጉልበት የሚጠይቅ ነው፤ ሴቶቹም በደንብ አድርገው ይጫወቱታል። የእነሱ ብሔራዊ የሴቶች ሊግ እ.ኤ.አ. በ2018 በአራት ክለቦች ብቻ ተጀመረ። በ2023 ዐሥር ደረሰ። ይሄ እንዴት ሆነ ቢባል፣ ከብሔራዊው ሊግ በታች እንደ ኩዊንስላንድና ኒው ሳውዝ ዌልስ ያሉት ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው የሴቶች ውድድር ስላላቸው ነው። በክፍለ ግዛቱ ክለብ የምትጫወት ልጅ ሰኞ ሥራዋን ትሠራለች፣ ማታ ትለማመዳለች፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ትጋጠማለች፤ ጎበዝ ከሆነች ከላይ ያሉት ያዩዋታል። መሰላሉ መካከለኛ ርከን አለው ማለት ነው። ይህችን መካከለኛ ርከን የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው «ሉሲ» የሚባለውን ብሔራዊ ቡድን ነው። ስሙ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ከተገኘችው ከድንቅነሽ ወይም ከሉሲ የተወሰደ ነው። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በ2004 እና በ2012 ለአፍሪካ የሴቶች ዋንጫ ደርሷል። በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ አራተኛ ሆኖ ነው የተመለሰው። ከአፍሪካ አራተኛ! ይህን የሚያስታውስ ሰው ግን ስንት ነው? ከ20 ዓመት በታች ያሉት ልጆችም እ.ኤ.አ. ለ2022 የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ እስከ መጨረሻው ዙር ደርሰው በጋና ተሸንፈው ቀርተዋል። አንድ ጨዋታ ነበር የቀራቸው ቢባል ይቻላል።

ብሔራዊ ቡድን ግን ከሰማይ አይወርድም፤ ክለብ ይፈልጋል። የሴቶች ፕሪምየር ሊግ መጀመሪያ ላይ በሁለት ዞን ተከፍሎ ይካሄድ ነበር፤ አንዱ የመካከለኛና ሰሜን፣ ሌላው የደቡብና ምሥራቅ። በየዞኑ የቀደሙት መጨረሻ ላይ ተገናኝተው አሸናፊው ይለያል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ግን አንደኛና ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ተከፈለ። ከታች ያለው ጎበዝ ይወጣል፣ ከላይ የደከመው ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ቡድኖቹ እንደ ወንዶቹ በየከተማቸው እየተመላለሱ ሳይሆን አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ብዙ ጨዋታ በተከታታይ ይጫወታሉ። ይህ ለአውቶቡስና ለሆቴል የሚወጣውን ገንዘብ ይቀንሳል። ጉዳቱ ደግሞ፣ የድሬዳዋ ሕዝብ የድሬዳዋን ሴቶች በገዛ ሜዳው ሳያይ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። ያላየውን ቡድን ደግሞ ማን ይደግፋል?

ክለቦቹ እነማን ናቸው? ስማቸውን ብቻ ብታዩ ከጀርባቸው ማን እንዳለ ይነግራችኋል። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የባንክ ነው። መቻል፣ ቀድሞ መከላከያ ይባል የነበረው፣ የሠራዊቱ ነው። ኢትዮ ኤሌክትሪክ የመብራት ኃይል ነው። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ባህር ዳር ከተማ የከተማ አስተዳደር ገንዘብ ይዘው የቆሙ ናቸው። ከአዲስ አበባ ልደታና ቂርቆስን የመሳሰሉ ክፍለ ከተሞች ቡድን አቅርበዋል። ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ እንኳ የሴት ቡድን አሰልፎ ያውቃል፤ የትምህርት ተቋም ሆኖ ማለት ነው። ይህን ለእኛ መምህራን ሆን ብዬ ነው የጠቀስኩት።

እንግዲህ እንደምታዩት በትኬት የሚተዳደር ክለብ የለም ማለት ይቻላል። ደመወዙን የሚከፍለው በጀት ነው። በጀት ያዥው ሐሳቡን የለወጠ ዕለት ቡድኑ ይበተናል። ደደቢት ዋንጫውን በተከታታይ ያነሣ፣ ብሔራዊ ቡድኑን ተጫዋች ይመግብ የነበረ ክለብ ነበር፤ ዛሬ የለም። ከእኛ ክልልም በጎንደር የዳሽን ቢራ፣ በባህር ዳር የጥረት ኮርፖሬት የሴት ቡድኖች ነበሩ። እነሱም ቀሩ። ወንድ ተጫዋች ክለቡ ሲፈርስ ሌላ ደጅ ያንኳኳል፣ ደጁ ብዙ ነው። ሴቷ የምታንኳኳው ደጅ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ብዙዎቹ ጫማቸውን ሰቅለው ቤት ይገባሉ።

የንግድ ባንክ ነገር ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ እኔ በበኩሌ በጣም ነው የምወደው። ባንኩ የወንዶች ቡድኑን በ2009 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊግ ከወረደ በኋላ በተነው። ሴቶቹን ግን አልበተነም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የባንኩን ስም በሜዳ ላይ ይዘው የቆዩት ሴቶቹ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. አዳማ ከተማ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2012 ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተቋረጠ፤ ከ2013 ጀምሮ ዋንጫው ወደ ንግድ ባንክ ገባና እዚያው ሰነበተ። ወንዶቹ እንደገና ተቋቁመው በ2016 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን ሲያሸንፉ ሴቶቹም በዚያው ዓመት አሸናፊ ነበሩ። በአንድ ዓመት ሁለት ዋንጫ በአንድ ቤት።

በአፍሪካ ደረጃም መንገዳቸው በአንድ ጊዜ አልተከፈተም። የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲጀመር በሴካፋ ማጣሪያ ኬንያ ላይ ፍጻሜ ደርሰው በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በ2023 ደግሞ ኡጋንዳ ላይ እንደገና ፍጻሜ ደረሱ፤ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ ተሸንፈው ተመለሱ። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃኛል ይል ነበር። በ2024 ማጣሪያው ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም በአሠልጣኝ ብርሃኑ ግዛው እየተመሩ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ በፍጻሜው አሸንፈው ወደ ሞሮኮ አለፉ። እዚያ ከናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስ፣ ከደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስና ከግብጹ ማሳር ጋር ተመድበው ከምድባቸው ሳያልፉ ቀሩ። ውጤቱ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ከኢትዮጵያ በሴቶች እዚያ የደረሰ ሌላ ክለብ የለም።

ከተጫዋቾች አንዷን ብቻ ልጥቀስ። ሎዛ አበራ የከምባታዋ ዱራሜ ልጅ ናት። በሀዋሳ፣ በደደቢት፣ በአዳማ ተጫወተች፤ ከዚያ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ እ.ኤ.አ. በ2019/20 30 ጎል አግብታ የአገሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነች። ተመልሳ ለንግድ ባንክ ተጫወተች። በ2024 ደግሞ አሜሪካ ዋሽንግተን ለዲሲ ፓወር ፈረመች። ዱራሜ ከደብረ ሲና የተለየች ትልቅ ከተማ አይደለችም። ፊሽካ የሚወዱ ካሉ ደግሞ የጅማዋ ሊዲያ ታፈሰ አለች፤ ፋርማሲስት ሆና ዳኝነትን ይዛ እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ፈረንሳይ ላይ የዓለም ዋንጫ ዳኝታለች።

አሁን ወደዚያች መካከለኛ ርከን ልመለስ። አንዲት የደብረ ሲና ልጅ ጎበዝ ሆነች እንበል። በትምህርት ቤት ትጫወታለች። ዕድል ከቀናት ለጣርማ በር ወረዳ፣ ከዚያም ለሰሜን ሸዋ ዞን ትመረጣለች። የክልል ጨዋታ ሲኖር ጥቂት ቀን ተጫውታ ሜዳልያ አንገቷ ላይ አድርጋ ትመለሳለች። ከዚያስ? ከዚያ እስከ ፕሪምየር ሊግ ድረስ ያለው ገደል ከጣርማ በር ቁልቁለት የባሰ ነው። አውስትራልያውያኑ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርጉት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ የክልል የሴቶች ውድድር ቢኖራት ኖሮ አንድ ሰው ያያት ነበር። የጥቂት ቀን ፌስቲቫል እኮ ሊግ አይደለም። ተጫዋች የሚሠራው በየሳምንቱ በሚደጋገም ግጥሚያ ነው፤ ተሸንፎ በሳምንቱ በማረም ነው። ካፍ በአህጉራዊ ውድድር የሚሳተፉ የወንድ ክለቦች የሴት ቡድን እንዲኖራቸው ማስገደዱ ከላይ በኩል ጥሩ ነገር ነው። ከታች በኩል ያለውን ግን ካፍ አይሞላልንም።

ለልምምድ ማስተማር በወጣሁበት ዘመን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቱ ያለው ኳስ አንድ ነው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ወንዶቹ ኳሱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ገመድ ይዘላሉ ወይም ጥግ ላይ ይቀመጣሉ። «ለምን?» ብዬ ኃላፊውን ብጠይቀው «እነሱ አይፈልጉም» አለኝ። በማግስቱ ኳሱን በቅድሚያ ለሴቶቹ ሰጥቼ ወንዶቹን ገመድ አዘለልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ካልመጣን የሚሉ ዐሥራ አራት ልጆች ነበሩኝ። አይፈልጉም የተባሉት ናቸው እንግዲህ።

በተግባር ምን ይደረግ ለምትሉ፣ የሞከርኩትን ብቻ እነሆ። ደብረ ሲና ላይ ሰፊ ሜዳ ማግኘት ከባድ ነው፤ መሬቱ ሁሉ ተዳፋት ነው። ስለዚህ ሙሉ ሜዳ አትጠብቁ። አምስት ለአምስት ይበቃል፤ ለጎል ድንጋይ፣ ለወሰን አመድ። ሰዓቱን ከልጆቹ ጋር ተመካከሩ። ውኃ የምትቀዳዋ፣ እናቷ መንገድ ዳር ቆሎ ስትሸጥ ታናናሾቿን የምትጠብቀዋ ልጅ ማታ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አትመጣም፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ትመጣለች። እናቲቱንም ሄዳችሁ «እማማ» ብላችሁ አነጋግሯቸው። ደብዳቤ አትላኩ፤ ደብዳቤ ያስደነግጣል።

ከጨዋታ በፊት ሰውነት ማሟሟቁን አትዝለሉ። ሴቶች የጉልበታቸው ጅማት ከወንዶች ይልቅ ቶሎ እንደሚበጠስ የታወቀ ነው። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ማንም ሳይነካቸው፣ ዘለው ሲያርፉ ወይም በድንገት ሲዞሩ ነው። ስለዚህ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ማረፍን፣ በአንድ እግር ሚዛን ጠብቆ መቆምን፣ ሩጦ ቀስ ብሎ መቆምን ሃያ ደቂቃ አሠሯቸው። ኳስም ሜዳም አይፈልግም። በተዳፋት ላይ ቁልቁል ማስሮጥ ግን ይቅርባችሁ።

ከዚያ የጎረቤቱን ትምህርት ቤት መምህር ፈልጉና አራት ቡድን ሰብስቡ። ከአራት ቡድን ደርሶ መልስ ዐሥራ ሁለት ጨዋታ ይወጣል። በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ቢደረግ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ለአሸናፊ ሦስት፣ ለእኩል አንድ ነጥብ እየያዛችሁ ሰንጠረዡን በየሳምንቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ልጆቹ ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በፊት እዚያ ተኮልኩለው ታገኟቸዋላችሁ። እኔ አግኝቻቸዋለሁ።