ኮምፒዩተር እህሉን በምን ያኖራል?

በኅዳርና በታኅሣሥ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ይታጨዳል። ርብና ጉማራ በክረምት ያጥለቀለቁት መሬት ደርቆ፣ ሩዙ ተወቅቶ ጆንያ ይሞላል። ጤፍ በጎታ ይቀመጣል፤ ጠላ በጋን ይጠነሰሳል። ጠላን በጆንያ የሚያኖር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኮምፒዩተርም ስምና ቁጥር የሚያኖርባቸው ልዩ ልዩ ዕቃዎች አሉት። መዝጋቢው ዕቃውን ከተሳሳተ የገበሬው ድካም ይፈሳል።

ኮምፒዩተር የሚታዘዘው ለእሱ በተሠራ ቋንቋ ነው። ከቋንቋዎቹ አንዱ ፓይተን ይባላል። ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ የሆላንድ ሰው ሠርቶ በ1983 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1991) ለሕዝብ አወጣው። ፓይተን ማለት ዘንዶ ነው፤ ስሙ የተወሰደው ግን ከእባቡ ሳይሆን ከእንግሊዝ ቀልደኞች ቡድን ነው።

የጭቃ ቤት ሲሠራ መደቡ አብሮ ይሠራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር መቀመጫ ፍለጋ ጎረቤት አንሄድም። ፓይተንም እንዲሁ አብረውት የተሠሩ ትእዛዞች አሉት። «ሌን» የተባለው በዕቃው ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ይቆጥራል። «ሰም» ይደምራል፤ የጧፉ ሰም አይደለም። «ማክስ» ትልቁን፣ «ሚን» ትንሹን ያወጣል። «ሶርትድ» በተራ ይደረድራል።

እንግዲህ አምስት ገበሬዎች ወረታ ላይ ሩዝ አስመዘኑ እንበል፦ 12፣ 9፣ 15፣ 9 እና 7 ኩንታል። መዝጋቢው ቁጥሮቹን «ሊስት» በሚባለው ዕቃ ጨመራቸው። ሊስት ዝርዝር ማለት ነው፤ የገባውን ሁሉ በገባበት ተራ ይይዛል። «ሌን» ቢለው 5፣ «ሰም» ቢለው 52 ብሎ ይመልሳል። ልክ ነው።

«ሴት» የሚባል ሌላ ዕቃ አለ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ያስቃል፤ ትርጉሙ ግን ስብስብ ነው። የዚህ ዕቃ ጠባይ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አለመቀበል ነው። እነዚያኑ ቁጥሮች በሴት ውስጥ ብንጨምራቸው አንዱን 9 ይዞ ሁለተኛውን 9 ይተወዋል። «ሰም» ስንለው 43 ይላል። ዘጠኝ ኩንታል የት ገባ? የሰረቀ የለም፤ መሣሪያውም አልተበላሸም። እኔ ራሴ ትምህርቱን ስጀምር በዚሁ ተሳስቼ ግማሽ ቀን ስደምር ውያለሁ። ዕቃው ግን ከንቱ አይደለም። ለስብሰባ የመጡት ሰዎች ከስንት ቀበሌ እንደሆኑ ለማወቅ ከሱ የሚሻል የለም።

«ተፕል» የሚሉት ደግሞ አንዴ ከታሰረ አይነካካም፤ የማይለወጥ ነገር፣ ለምሳሌ የልደት ቀን፣ ይቀመጥበታል።

ከሁሉ ይልቅ ለገበሬ የሚጠቅመው «ዲክሽነሪ» ነው። በውስጡ ስም ከነኩንታሉ ተጣምሮ ይቀመጣል፤ ስሙን ሲጠሩት ኩንታሉን ይሰጣል። ታዲያ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ከተመዘገቡ ኋላ የገባው የፊተኛውን ኩንታል አጥፍቶ ይተካዋል። ሁለተኛው ከፊደላችን የመጣ ነው። «አለሙ»ን «ዓለሙ» ብንለውም ለጆሮ ያው ነው። ኮምፒዩተር ግን ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ሀ 4608፣ ሁ 4609 እያለ ይቀጥላል፤ አ 4768 ነው፣ ዓ ደግሞ 4819። ስለዚህ አምና «አለሙ»፣ ዘንድሮ «ዓለሙ» ተብሎ የተጻፈ ሰው ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ነው። የአምናው ሂሳብ ከዘንድሮው አይገናኝም። ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ለያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር የሚሰጠው እንዲህ ያለው መምታታት እንዳይደርስ ጭምር ነው።

ፊደሉ የሚደረደረውም ገበታው ላይ እንዳጠናችሁት ነው፦ ከአ ቀጥሎ ከ፣ ከዚያ ወ፣ ከዚያ ዐ። «ሶርትድ» ስሞችን ሲደረድር አለሙ፣ ከበደ፣ ወርቄ፣ ዓለሙ ይላል። ጸሐፊው «እዚህ የለህም» ካላችሁ፣ በሌላኛው ዓ ሥርም ወረድ ብሎ እንዲፈልግ ንገሩት።